ካፒታልና ስሞል የሚለይ ኮምፓይለር ከመጀመሪያው የላብ ቀን ጀምሮ

ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የማይክሮኮንትሮለር ትምህርት ለሚሰጡ የኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና ትምህርት ክፍሎች

ከ፦ አብዱን፣ አማን፣ ዮርዳኖስ

ክቡራን መምህራን፣

አማን ውሃ የሚደርሳት በፈረቃ ነው። ከመስመር የሚመጣው ውሃ በአብዛኛው በሳምንት አንድ ጊዜ ገደማ ስለሆነ፣ ኤምባሲና ቪላ በሞላበት በአብዱን ሰፈር ሳይቀር በየጣሪያው ላይ ታንከር ተደርድሯል። አዲስ አበባም ፈረቃን በደንብ ታውቀዋለች፤ በየግቢው የቆመው ሮቶ ምስክር ነው። በሁለቱም ከተሞች ታንከሩ ሲጎድል ፓምፕ የሚያስነሳ፣ ሲሞላ የሚያቆም ትንሽ ሰርኪዩት ለምህንድስና ተማሪ ጥሩ ፕሮጀክት ነው። የሚያስፈልገው አንድ ማይክሮኮንትሮለር፣ የውሃውን ከፍታ የሚለካ ሴንሰር፣ አንድ ሪሌይና ሁለት ቁልፎች ናቸው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈው እንዲህ ያለውን ሥራ ከውስጥ ሊያበላሸው የሚችል አንድ የኮምፓይለር ጠባይ ነው።

የሲ ቋንቋ ካፒታል ሌተርንና ስሞል ሌተርን ለይቶ ያነባል። በካፒታል የሚጀምር ስምና ያው ስም በስሞል ተጽፎ ሲገኝ ለቋንቋው ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪ ከሠራው ጊዜ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ፒክ ለሚባሉት የማይክሮቺፕ ኩባንያ ቺፖች ከተዘጋጁት ታዋቂ ኮምፓይለሮች ሁለቱ ግን ካልታዘዙ በስተቀር ይህን ልዩነት አያዩትም። አንዱ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት ያለው የሲሲኤስ ኩባንያ ኮምፓይለር ነው። ሁለተኛው ሰርቢያ ቤልግሬድ ያለው ሚክሮኤሌክትሮኒካ የሚያቀርበው ሚክሮሲ ነው። ትእዛዙ ደግሞ አጭር ነው። በሲሲኤስ ከፕሮግራሙ አናት ላይ የሃሽ ምልክት አድርጎ «ኬዝ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። በሚክሮሲ «አውትፑት ሴቲንግስ» በሚባለው መስኮት ውስጥ «ኬዝ ሴንሲቲቭ» የምትለውን ሳጥን ምልክት ማድረግ ነው። የደብዳቤው ጸሐፊ ትምህርት ክፍሎቹን የሚጠይቀው እነዚህ ሁለት ነገሮች ከመጀመሪያው የላብ ቀን ጀምሮ ግዴታ እንዲሆኑ ነው።

የታንከሩን ፕሮግራም እንውሰድ። ተማሪዋ ፓምፑ የሚቆምበትን የውሃ ከፍታ የሚይዝ ግሎባል ቫሪያብል ታውጃለች። ስሙን «ሌቭል» ትለዋለች፣ መነሻ ዋጋውን 20 ሳንቲሜትር ታደርገዋለች፣ ግሎባል መሆኑ እንዲታወቅላት የመጀመሪያውን ፊደል በካፒታል ትጽፋለች። ወረድ ብላ ተጠቃሚው በቁልፉ አዲስ ከፍታ ሲመርጥ የሚጠራ ፈንክሽን ትጽፋለች። ፈንክሽኑ አዲሱን ዋጋ የሚቀበልበት ፓራሜትርም «ሌቭል» ነው፤ እሱ ግን ሙሉ በሙሉ በስሞል ተጽፏል። በፈንክሽኑ ውስጥ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ካፒታሉ ሌቭል፣ የእኩል ምልክት፣ ስሞሉ ሌቭል። ሲነበብ ግልጽ ነው። ተጠቃሚው 80 ከመረጠ ግሎባሉ 80 ይሆናል።

ልዩነቱን በማያይ ኮምፓይለር ሁለቱ ስሞች አንድ ይሆናሉ። በሲ ሕግ ደግሞ በፈንክሽን ውስጥ የታወጀ ስም ከውጭ ያለውን ተመሳሳይ ስም ይሸፍነዋል። ስለዚህ ያ መስመር የፓራሜትሩን ዋጋ መልሶ ለራሱ ለፓራሜትሩ ይሰጣል፤ ፈንክሽኑ ሲያልቅ 80ው አብሮ ይጠፋል። ግሎባሉ 20 ላይ እንዳለ ይቀራል። እንዲህ ያለው መስመር በቋንቋው ሕግ የተፈቀደ ስለሆነ ኮምፓይሉን የሚያስቆም ኤረር አይኖርም። ሄክስ ፋይሉ ይወጣል፣ ቺፑ ላይ ይጫናል፣ ፓምፑም 20 ሳንቲሜትር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ተጠቃሚው ቁልፉን ቢጫን ባይጫን ለውጥ የለም።

ተማሪዋ ከዚህ በኋላ የምታደርገውን መምህራኑ በየሴሚስተሩ ያዩታል። ሴንሰሩን ትቀይራለች፣ የሪሌዩን ሽቦ ትፈትሻለች፣ ፓወር ሰፕላዩን ትጠረጥራለች፣ ብሬድቦርዱን አፍርሳ እንደገና ትሠራለች። ኮዱን ለጓደኛዋ ብታሳየው ትክክል ነው ይላታል፤ በሲ ሕግ ስለሚያነበው ትክክል ነው። ያው ኮድ አናቱ ላይ ሃሽ ኬዝ ሲጨመርበት ሌላ አንድ ፊደል ሳይነካ መሥራት ይጀምራል። የሲሲኤስ ማኑዋል ራሱ ትእዛዙን ሲያስረዳ የሚያቀርበው ምሳሌ ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት ነው፦ በካፒታል የተጻፈ «ስቴተስ» የሚል ግሎባል፣ በስሞል የተጻፈ «ስቴተስ» የሚል የፈንክሽን ውስጥ ቫሪያብል፣ አንዱን ለሌላው የሚሰጥ መስመር። አምራቹ አደጋውን ያውቀዋል ማለት ነው። ተማሪው ግን ያንን ገጽ የሚያገኘው ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ካወቀ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ስሕተት የሚበላው ጊዜ ቀላል አይደለም። በአብዱን ቤቶች ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን እህቶች ብዙ ናቸው፤ አገር ቤት ያለ የስንቱ ተማሪ ላፕቶፕ የተገዛው እንዲህ ባለ ደመወዝ ነው። ተማሪው በዚያ ላፕቶፕ መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር እየተነሳና እየተቀመጠ የሚሠራው ፕሮጀክት፣ አንድ ቃል በምታቃናው ነገር ሳምንት ሲባክንበት ማየት ያስቆጫል።

ሁለተኛው ዓይነት ችግር ቢያንስ ድምፅ ያሰማል። በሲ ልማድ ማክሮ ሙሉ በሙሉ በካፒታል ይጻፋል። ተማሪው ፓምፑ የተያያዘበትን የቺፑን እግር በካፒታል «ፓምፕ» ብሎ ይሰይመውና በሃሽ ዲፋይን ከ«ፒን ቢ ዜሮ» ጋር ያያይዘዋል። ከዚያ ፓምፑን የሚያዝ ፈንክሽን ሲጽፍ በስሞል «ፓምፕ» ይለዋል። በብዙ ላቦች ጠረጴዛ ላይ ለማይጠፋው ፒክ 16ኤፍ877ኤ በተዘጋጀው የሲሲኤስ ሄደር ፋይል ውስጥ «ፒን ቢ ዜሮ» ማለት 48 ቁጥር ነው። ልዩነቱ ሳይታይ ሲቀር ፈንክሽኑ ስሙን ይነጠቅና በቦታው 48 ይገባል። ኮምፓይለሩ ስም በሚጠብቅበት ቦታ ቁጥር ስላገኘ ኤረር ሰጥቶ ይቆማል። ተማሪው የተጠቆመውን መስመር አሥር ጊዜ ቢያነበው ምንም ቁጥር አያይበትም።

ኮምፓይለሮቹ እንዲህ የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ኮምፒውተሮች ለብዙ ዓመታት ስሞል ፊደልን አያውቁም ነበር። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው ፎርትራን በካርድ ላይ የሚበሳው በካፒታል ነበር። አስኪ የሚባለው፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ሰንጠረዥ በ1963 ሲወጣ ለስሞል ፊደላት ቦታ አልሰጠም፤ የገቡት በ1967 ነው። ካፒታል ኤ 65፣ ስሞል ኤ 97 ሆነው ተቀመጡ። በመካከላቸው ያለው 32 አንዲት ቢት ብቻ ናት፤ እሷን ችላ ማለት ለኮምፓይለር ሠሪ ቀላል ሥራ ነው። ፓስካልና ኤዳ ችላ ይሏታል። ሚክሮኤሌክትሮኒካም ከሚክሮሲ ጎን ሚክሮፓስካልና ሚክሮቤዚክ የሚባሉ ኮምፓይለሮች ስላሉት፣ ሦስቱ አንድ ዓይነት ጠባይ ቢይዙ እንደሚመቸው መገመት አይከብድም።

የሲ ስታንዳርድ ራሱ በአንድ ወቅት ጠባብ በር ከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው ስታንዳርድ፣ ከፋይል ወደ ፋይል የሚሻገሩ ስሞችን በተመለከተ ብቻ፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ፊደላት እንዲታዩና ካፒታልና ስሞል እንዳይለይ ፈቅዷል፤ የድሮዎቹ ሊንከሮች ከዚያ በላይ ስለማይችሉ። የ1999ኙ ስታንዳርድ ስድስቱን 31 አድርጎ ፈቃዱን ሰርዞታል። ፈቃዱ በነበረበት ዘመንም ቢሆን ፓራሜትርንና ማክሮን አይነካም ነበር። በታንከሩ ምሳሌ ላይ የታየው ነገር በየትኛውም የሲ ስታንዳርድ ትክክል ሆኖ አያውቅም። ተማሪውም ከመማሪያ መጽሐፉ የሚያነበው ሲና በላብ የሚያገኘው ሲ የተለያዩ ሲሆኑበት ሊጠራጠር የሚችለው ራሱን ነው።

ጉዳዩ ኢትዮጵያዊውን ተማሪ ይበልጥ የሚፈትንበት ምክንያት አለ። የግዕዝ ፊደል ካፒታልና ስሞል የለውም። የዓረብኛም የለውም፤ የአማን ተማሪ የሚጀምረው ከዚሁ ቦታ ነው። ልጁ ትልቁንና ትንሹን ኤቢሲዲ ያወቀው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው። የተነገረውም ካፒታል የሚያስፈልገው ዓረፍተ ነገር ሲጀመርና የሰው ስም ሲጻፍ መሆኑ ነው፤ ለእሱ ነገሩ የአጻጻፍ ሥርዓት ነው። አማርኛ ሲያነብም ዓይኑ የለመደው ተመሳሳዩን አንድ አድርጎ ማለፍ ነው፦ ዓለም በዐይኑ ዐ ተጻፈ በአልፋው አ፣ ያው ዓለም ነው፤ ኃይሌና ሀይሌም አንድ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር ግን ሀን፣ ሐንና ኀን በሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ያስቀምጣቸዋል። በኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ ስሙን አስፈልጎ «የለህም» የተባለ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ኬዝ የማይለይ ኮምፓይለር ሦስቱን ሀዎች አንድ አድርጎ እንደሚፈልግ ፕሮግራም ነው። ለፍለጋ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። እያንዳንዱ ስም አንዲት የሜሞሪ ቦታ በሚወክልበት ሥራ ግን ሁለት ቦታዎች ይደባለቃሉ።

ከእንዲህ ያለ የንባብ ልማድ ለሚመጣ ተማሪ ጥብቅ ኮምፓይለር ጥሩ አስተማሪ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ፊደል አሳስቶ ሲጽፍ «ይህን ስም አላውቀውም» የሚል ኤረር ትክክለኛው መስመር ላይ ይመጣለታል። ያርማል፣ ያልፋል፣ በሁለት ሳምንት ዓይኑ ይለምዳል። ልዩነቱ ከሚታለፍበት ላብ የወጣ ተማሪ ግን ያንን ዓይን ሳያዳብር ይመረቃል።

የሚጠብቀው ዓለም ደግሞ ጥብቅ ነው። ማይክሮቺፕ ራሱ የሚያቀርበው ኤክስሲ8፣ በአርዱይኖ ውስጥ የሚሠራው ጂሲሲ፣ ለኢኤስፒ32ና ለኤስቲኤም32 የሚያገለግሉት ኮምፓይለሮች ሁሉ ካፒታልና ስሞልን ይለያሉ። ጥቂት ጊዜ ጠብቅ የምትለዋን ተራ ትእዛዝ ብቻ ብናይ ይበቃል። በሚክሮሲ «ዲሌይ ኤምኤስ» የሚጀምረው በካፒታል ዲ ነው። በሲሲኤስ ሙሉ በሙሉ ስሞል ነው። ለኤቪአር ቺፖች በተዘጋጀው ላይብረሪ ከፊቱ አንድ አንደርስኮር ይጨመራል፣ በኤክስሲ8 ሁለት አንደርስኮር ይሆናል፣ በአርዱይኖ ኤምኤስ የሚለው ይቀርና ዲሌይ ብቻ ይጻፋል። በሚክሮሲ ልዩነቱ ካልበራ ተማሪው ካፒታሉን ዲ ስሞል አድርጎ ቢጽፈው ያልፍለታል። ይህን የለመደ ተመራቂ ወደ አርዱይኖ ሲሻገር «ፒን ሞድ» የሚለው ትእዛዝ በመሀሉ ካፒታል ኤም፣ «ዲጂታል ራይት» የሚለው ደግሞ ካፒታል ደብሊው እንዳለው በኤረር ብዛት ነው የሚማረው። ሁለት ሺህ መስመር የመመረቂያ ፕሮጀክት ኮድ ከሚክሮሲ ወደ ኤክስሲ8 ማዛወር የሞከረ ሰው ሥራው የቺፕ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የፊደል ለቀማ እንደሚሆንበት ያውቃል።

ልዩነቱን ችላ ማለት በትልልቁ ዓለምም ዋጋ አስከፍሏል። በታኅሣሥ ወር 2014 እ.ኤ.አ. ጊት በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ፕሮግራም ላይ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ መገኘቱ ተገለጸ። ጊት የራሱን ሚስጥራዊ ፎልደር ከውጭ እንዳይነካ ሲጠብቅ የሚያየው በስሞል የተጻፈውን ስም ነበር። ዊንዶውስና ማክ ግን በተለመደው አሠራራቸው በፋይል ስም ላይ ካፒታልና ስሞልን ስለማይለዩ፣ ተንኮለኛ ሰው ያንኑ ስም በካፒታል ጽፎ ቢልክ ፋይሎቹ በጊት ፎልደር ውስጥ ይገቡና በባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ ትእዛዝ ሊያስፈጽሙለት ይችሉ ነበር። አንዱ ፕሮግራም ሁለት ናቸው ሲል ሌላው አንድ ናቸው ማለቱ ነው ቀዳዳውን የከፈተው። በላብም የዚሁ ትንሽ መልክ አለ። በካፒታል የተጠራ ሄደር ፋይል ዲስኩ ላይ በስሞል ተቀምጦ ዊንዶውስ ላይ ያለ ችግር ይከፈታል፤ ሊኑክስ ላይ ፋይሉ የለም ይባላል። ሃሽ ኬዝ ይህን አያስተካክልም፤ የፋይል ስም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የፋይል ስም ሁሉ በስሞል ይሁን የሚል አንድ መስመር በላብ ማኑዋሉ ላይ ቢታከል መልካም ነው።

ልዩነቱን ማጥፋት ተማሪውን ከግራ መጋባት ያድነዋል የሚል መከራከሪያ አለ፤ በቁም ነገር መታየትም ይገባዋል። ከመኪና ኢንዱስትሪ የተነሳው ሚስራ ሲ የተባለው የኮድ አጻጻፍ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 እትሙ፣ በአንድ አካባቢ የሚታዩ ስሞች ለዓይን የሚምታቱ እንዳይሆኑ ይመክራል። በካፒታልና በስሞል ብቻ የሚለያዩ ስሞች፣ ኦ የሚለው ፊደልና ዜሮ፣ ኤል የሚለው ፊደልና አንድ ቁጥር ሁሉም በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። በዚህ ሚዛን የታንከሩ ተማሪ ሁለት «ሌቭል» ማውጣቷ ራሱ ደካማ ሥራ ነው፤ ግሎባሉን «የማቆሚያ ሌቭል»፣ ፓራሜትሩን «አዲስ ሌቭል» ልትላቸው ይገባ ነበር። ጸሐፊው በዚህ ሙሉ በሙሉ ይስማማል፤ ደንቡ ከሃሽ ኬዝ ጋር አብሮ እንዲሰጥም ይጠይቃል። ነገር ግን ሁለቱን ስሞች በዝምታ አንድ የሚያደርግ ኮምፓይለር ይህን ደንብ አያስተምርም። ተማሪዋ ስም አወጣጧ ደካማ መሆኑን የምታውቀው መምህሩ ኮዱን ሲያርም ነው፤ ያ እስኪሆን ድረስ ፕሮግራሙ ጽሑፉ የሚለውን ሊያደርግ ይገባል።

ለውጡ ያለ ድካም አይመጣም። ሲሲኤስ በማኑዋሉ ላይ ከምሳሌ ፕሮግራሞቹ፣ ከሄደሮቹና ከድራይቨሮቹ መካከል ሃሽ ኬዝ በርቶ ያልተሞከሩ እንዳሉ በግልጽ ያስጠነቅቃል። የኤልሲዲ ድራይቨር ወይም የሴንሰር ላይብረሪ ተጨምሮበት የቆየ የላብ ልምምድ በድንገት ኤረር ሊያወርድ ይችላል። ይህ ሲሆን ትእዛዙን መልሶ ማጥፋት ቀላል መውጫ ይመስላል። ላብ አሲስታንቱ ድራይቨሩን ከፍቶ ስሞቹን አንድ ጊዜ ቢያስተካክላቸው ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክፍል ሁሉ ይጠቀምበታል። በሚክሮሲ ሥራው ይቀላል። የቋንቋው ቁልፍ ቃላት ሳጥኗ ምልክት ባይደረግባትም በስሞል መጻፍ ስላለባቸው፣ የሚታረሙት በአብዛኛው ተማሪዎቹ ራሳቸው ያወጧቸው ስሞችና የላይብረሪ ፈንክሽን አጠራሮች ናቸው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ አለ። በሲሲኤስ ውስጥ «ሃሽ ዲቫይስ» ከሚባለው ትእዛዝ ጋር «አንሲ» የሚል ምርጫ ሲጨመርም ካፒታልና ስሞል መለየት ይጀምራል። ይህ ምርጫ ግን ሌላም ነገር ይቀይራል፤ ቁጥሮች በነባሪነት ከዜሮ በታችም እንዲይዙ ያደርጋል። ለፒክ16ና ለፒክ18 ቺፖች የሲሲኤስ «ኢንት» ስምንት ቢት ያለው፣ ከ0 እስከ 255 የሚይዝ ቁጥር ነው። ምርጫው ሲጨመር ከ127 በላይ መያዝ አይችልም። እስከ 200 ድረስ የሚቆጥር የቆየ ልምምድ በዚህ ይሰበራል። ስለዚህ ለላብ የሚመቸው ሃሽ ኬዝን ብቻውን መጻፍ ነው። ፕሮግራሙ በተለያዩ ዩኒቶች ተከፍሎ ኮምፓይል ተደርጎ በመጨረሻ በሊንከር የሚያያዝ ከሆነም ትእዛዙ በእያንዳንዱ ዩኒት አናት ላይ መኖር አለበት። አንዱ ጋ ተጽፎ ሌላው ጋ ከተረሳ ያው ስም በሁለት ሕግ ይነበባል።

እንግዲህ ትምህርት ክፍሎቹ የሚጠየቁት ሥራ በአንድ የክረምት እረፍት የሚያልቅ ነው። ለተማሪ በሚታደለው የመነሻ ፋይል ላይ ሃሽ ኬዝ ከቺፑ ሄደር በፊት በመጀመሪያው መስመር ይጻፍ። በሚክሮሲ የሚሠሩ ላቦች ባዶ ፕሮጀክት ሳጥኗ ምልክት ተደርጎባት አዘጋጅተው ያድሉ። በማኑዋሎቹ ውስጥ ያሉ የቆዩ ኮዶች ልዩነቱ በርቶ አንድ በአንድ ኮምፓይል ይደረጉ፤ ያልሠሩት ይታረሙ። የመመረቂያ ፕሮጀክት አማካሪዎችም ሄክስ ፋይሉን ከመቀበላቸው በፊት ይህ መስተካከሉን ይዩ። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ያረመውን ድራይቨር ሌላው እንደገና ከማረም ይልቅ የታረሙት ፋይሎች በትምህርት ክፍሎቹ መካከል ቢዘዋወሩ ድካሙ ይቀንሳል። የኤልሲዲው፣ የኪፓዱና የሙቀት ሴንሰሩ ድራይቨሮች በብዙ ልምምዶች ውስጥ ስለሚገቡ ከእነሱ ቢጀመር ይመረጣል፤ ጸሐፊውም ከአብዱን ሆኖ ድርሻውን ለመውሰድ ፈቃደኛ ነው።

ከአክብሮት ጋር